ድልድዩ ሲቆም ማን ይመሰገናል?

ከመሐል ከተማ ተነስቶ ቃሊቲ ላይ የሚያበቃው ቀላል ባቡር መንገደኛውን የሚያራግፈው ከባድ መኪናው፣ ሚኒባሱና የቀን ሠራተኛው በሚተራመስበት ስፍራ ነው። ከዚያ የደብረ ዘይትን መንገድ ይዞ ወደ አቃቂ የሚወርድ ሰው ብዙም ሳይርቅ ወደ ሌላ የባቡር ዘመን ይገባል። ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ አሮጌው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በዚህ በኩል ማለፉን ካቆመ ዓመታት ተቆጥረው ነበር። ሐዲዱን አንዳንድ ቦታ አፈር ውጦታል፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ የእግር መንገድ ሆኗል። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነው፤ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሆኖ እየተጨዋወተ ይሄድበታል። መስመሩ አቃቂ ወንዝ ላይ ሲደርስ ግን ጨዋታው ይቋረጣል። ድልድዩ ላይ ወሬ የሚቀጥል ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም እግሩን ያያል።

ድልድይን ከላይ የሚያየውና ከታች የሚያየው ሰው አንድ ነገር አያዩም። ከላይ ያለው የሚያየው መንገዱን ነው። ወንዙ ዳር የወረደው ግን ሸክም ያያል፤ ክብደቱ ከሐዲዱ ወደ ብረቱ፣ ከብረቱ ወደ ድንጋዩ፣ ከድንጋዩ ወደ መሬቱ እንዴት እንደሚተላለፍ በዓይኑ ይከተለዋል። በበጋ ውኃው ጠቁሮ፣ የከተማውንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ተሸክሞ በዝግታ ይወርዳል፤ ዳርና ዳሩ በዚሁ ውኃ የሚጠጣ ጎመንና ሰላጣ ይታያል። ክረምት ሲገባ ያው ወንዝ ደፍርሶ፣ ግንድና ድንጋይ እየገፋ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይነጉዳል። ድልድይ የሚፈተነው ያን ጊዜ ነው።

ከታች ሆኖ ሲታይ የቆመና የማይነቃነቅ የሚመስለው ብረት እንኳ እንደቆመ አይውልም። ብረት ሙቀት ሲነካው ይረዝማል፤ 100 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ድልድይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ሲል 12 ሚሊሜትር ያህል ይጨምራል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሰበሰባል። ስለዚህ የብረት ድልድይ የሚሠሩ ሰዎች አንዱን ጫፍ አጥብቀው ያስሩና ሌላውን ጫፍ እንዲንሸራተት ይተዉታል። የሚንሸራተትበት ቦታ ጠጠር ከገባበት ወይም ከዛገ ብረቱ መሄጃ ያጣና የተቀመጠበትን ድንጋይ መግፋት ይጀምራል። እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ ያን ቦታ መጥረግ፣ መቀባት፣ የላላውን ማጥበቅ አለበት። ዛሬ ብቻ ሳይሆን በየጊዜው፣ ድልድዩ እስካለ ድረስ። ድልድይ አንዴ ተሠርቶ የሚቀር ነገር ይመስላል፤ የሚቆመው ግን በየቀኑ ሲሠራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሃይማኖት ጥያቄ ይነሳል። ድልድይ ለመቶ ዓመት ሲቆም የማንም ስም አይነሳም። አንድ ቀን ሲወድቅ ግን የመጀመሪያው ስም የእግዚአብሔር ነው፤ ፈቃዱ ነው፣ ቁጣው ነው፣ ቀናቸው ደርሶ ነው ይባላል። ለምን? የመቶ ዓመቱ ዝምታና የአንዱ ቀን ጩኸት እንዴት ለተለያዩ ባለቤቶች ይከፈላሉ?

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባቡር እንዲዘረጋ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረና በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ የምትባለው ከተማ ላይ ደረሰ። ከዚያ ገንዘቡ አለቀ፤ የፈረንሳይ መንግሥት ንጉሡን ሳያማክር በኩባንያው ላይ እጁን ስላስገባ ምኒልክ ተቆጡ፤ ኩባንያው ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. ከጓዴሎፕ ደሴት በመጣው በሐኪማቸው በዶክተር ዮሴፍ ቪታልየን በኩል አዲስ ውል ተሰጠና ሥራው እንደገና ቀጠለ። 784 ኪሎ ሜትሩ ተጠናቅቆ ባቡሩ አቃቂን አልፎ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ያረፉት በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ነበር። ሙሴ ምድሪቱን ከናባው ተራራ አሻግሮ አይቶ እንዳልገባባት ሁሉ፣ ባቡሩን የጀመሩት ንጉሥ በከተማቸው ሲያፏጭ አልሰሙትም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ስም ሞልቷል፤ ንጉሥ፣ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ ኩባንያ። ድንጋይ የፈለጠው፣ ብረት የተሸከመው፣ በረሃው ውስጥ በውኃ ጥምና በወባ የወደቀው ግን ስም የለውም። ሶማሌ፣ አፋር፣ ኦሮሞ፣ አማራ፣ ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣ ዐረብ ነበረ፤ እስላምም ክርስቲያንም ነበረ። ሐዲዱ ከተዘረጋ በኋላም በየኪሎ ሜትሩ በእግሩ እየሄደ የላላ ብሎን ሲያጠብቅ፣ የተናደ ጠጠር ሲመልስ የኖረው ሠራተኛ ስሙ በታሪክ መጽሐፍ አይገኝም። ድልድዩን ያቆመው ከእነዚህ የትኛው ነው?

ለዚህ ጥያቄ የአገራችን የብራና ጸሐፊዎች መልስ ነበራቸው፤ ውብም መልስ ነው። አንድ የብራና መጽሐፍ ሲያልቅ መጨረሻው ላይ አጭር ልመና ይጻፋል። ምሕረት የሚለመነው ላስጻፈው ባለጸጋ ብቻ አይደለም። ለጻፈውም፣ ለሚያነበውም፣ ለሚተረጉመውም፣ ቆሞ ለሚሰማውም በአንድነት ነው። ገንዘብ ያወጣው ሰው የፍየል ቆዳ ፍቆ ብራና ካዘጋጀው ሰው በላይ አይቀመጥም፤ ማንበብ የማይችለው አድማጭም ከዝርዝሩ አይወጣም። ሥራው የሁሉም ነው፤ ዋጋውም የሁሉም። ይህን ልመና ለድልድይ ማንም አልጻፈለትም። በአቃቂ ብረት ላይ ቢጻፍ ኖሮ ግን ላሠራው፣ ለሠራው፣ ለጠበቀውና ለተሻገረው በአንድነት ምሕረት ይለመንበት ነበር፤ ዛሬ ጎመኗን በቅርጫት ይዛ በሐዲዱ ላይ የምታልፈው ሴትም ትገባበት ነበር።

ሌላው የአገራችን መልስ ከዚህ ይለያል። በላሊበላ ገድል መሠረት ሰዎች ቀን የፈለፈሉትን ዐለት መላእክት ሌሊት ያግዙበት ነበር። ይህን ምእመናን በእምነት ይቀበሉታል፤ ሥራውን በዓይኑ ያየ ሰውም ለምን እንደሚቀበሉት ይገባዋል። ከዚህ ትውፊት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግማሹ ነው። ገድሉ መላእክት ብቻቸውን ሠሩት አይልም። ቀኑ የሰው ነበር። ስለ ላሊበላ ሲወራ ሌሊቱ ተተርኮ ቀኑ ከተረሳ፣ መዶሻና መሮ ይዘው እጃቸው የደማ ሰዎች ሁለተኛ ጊዜ ተቀብረዋል።

ድልድይ ሲወድቅስ?

በጥር 1977 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ገና አልፎ ጥምቀት ሳይደርስ፣ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ የመንገደኛ ባቡር አዋሽ አጠገብ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ። መስመሩ ድልድዩ ላይ የሚጠመዘዝበት ቦታ ነበር። ከ400 በላይ ሰው ሞተ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ቆሰለ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከዚህ የከፋ አደጋ አልተመዘገበም። ዘመኑ የረሃብ ዘመን ነበር፤ ወሎና ትግራይ በሞት ላይ ሳሉ ይህ ተጨመረ። በጊዜው የተሰጠው ምክንያት አጭር ነው፤ ባቡሩ ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን አልቀነሰም።

በአገራችን ሐዘን ቤት እንዲህ ያለ ሞት ሲመጣ የሚባለው ይታወቃል። «ቀኑ ደርሶ ነው።» «እግዚአብሔር የፈቀደውን ማን ይከለክላል?» «ዕድሜው ይህችው ነበረች።» በእነዚህ ቃላት ላይ መፍረድ ልብ የለሽነት ነው። ልጇን አዋሽ ላይ ያጣች እናት የምትቀመጥበት ድንኳን ውስጥ ስለ ፍጥነትና ስለ ጠመዝማዛ ማውራት ነውር ነው። «ቀኑ ነው» የሚለው ቃል የሚሠራው ሥራ አለው። «ያን ቀን ባላስሄደው ኖሮ» እያለች ራሷን እንዳትበላ ይይዛታል። ጥፋቱን ከእናቲቱ ላይ ያነሳዋል። ይህ ቃል ለሐዘንተኛ ከተነገረ እውነተኛ ምሕረት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ቃሉ ከድንኳኑ ሲወጣ ነው። ያው «ቀኑ ነው» ቢሮ ከገባና ሐዲዱን መመርመር ያለበት ሰው አፍ ላይ ከተቀመጠ ትርጉሙ ይገለበጣል። እናቲቱን ነጻ ያወጣው ቃል አሁን ተጠያቂውን ነጻ ማውጫ ይሆናል። ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ተናግረው አንዱ ሲጸልይ ሌላው ሊሸሽ ይችላል፤ የሚለያቸው ቃሉ ሳይሆን የቆሙበት ቦታ ነው።

የሉቃስ ወንጌል በዚህ ነገር ላይ በቀጥታ የሚናገር ታሪክ ይዟል። በሰሊሆም አንድ ግንብ ወድቆ አሥራ ስምንት ሰው ገደለ። ክርስቶስም እነዚያ ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ የባሱ ኃጢአተኞች ይመስሏችሁ እንደሆነ ሰሚዎቹን ጠየቀ፤ አይደለም ሲልም መለሰ። ከዚያ ጣቱን ወደ ሰሚዎቹ አዞረ፤ ንስሐ ግቡ አለ። የሞቱትን በኃጢአት መመዘን የተከለከለበት ይህን የመሰለ ግልጽ ቦታ ጥቂት ነው። ግንቡ ለምን ወደቀ የሚለውን ጥያቄ ግን ወንጌሉ ለሰው ትቶታል። ድንጋዩን ማን እንደካበ፣ መሠረቱ ስንት ክንድ እንደተቆፈረ መመርመር የሰው ድርሻ ነው። ንስሐ የሚባለውም በእንዲህ ያለ ጉዳይ አካል ሊኖረው ይገባል፤ መጪው ግንብ እንዳይወድቅ መሠረቱን ጠልቆ መቆፈር ነው።

ይህን ያልሰሙ ክርስቲያኖች በሌላም አገር ነበሩ። በፈረንጆች ታኅሣሥ 28 ቀን 1879 በስኮትላንድ የቴይ ወንዝ የባቡር ድልድይ በማዕበል ሌሊት ተሰብሮ ባቡሩን ከነመንገደኞቹ ይዞ ወረደ፤ የሞቱት 75 ያህል እንደሆኑ ይገመታል። ድልድዩ ከተከፈተ ገና ዓመት ተኩል ቢሆነው ነው። ዕለቱ እሑድ ነበር። አንዳንድ ሰባኪዎች ይህ ሰንበትን ሽሮ የተጓዘ ሕዝብ የተቀጣበት ፍርድ ነው አሉ። የመርማሪዎቹ መልስ ግን ሌላ ነበር፤ ድልድዩ ሲነደፍም፣ ሲሠራም፣ ሲጠበቅም ጉድለት ነበረበት። ቀደም ብላ ንግሥቲቱ የክብር ማዕረግ የሰጠችው መሐንዲሱ ቶማስ ባውች ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ከዚያ በኋላ በተሠራው ድልድይ ላይ ባቡር ዛሬም በእሑድ ያልፋል። የአሮጌው ምሰሶ ጉቶዎች አሁንም ከውኃው ብቅ ብለው ይታያሉ።

አሜሪካዊው ደራሲ ቶርንተን ዋይልደር በ1927 ባሳተመው ልብ ወለድ ይህንኑ ጥያቄ ወደ ፔሩ ወሰደው። ድልድይ ተበጥሶ አምስት ሰው ይሞታል፤ አንድ መነኩሴ የአምስቱንም ሕይወት እየዞረ ይመረምራል፤ እግዚአብሔር እነዚህን ለምን እንደመረጠ በማስረጃ ለማሳየት ይደክማል። መዝገቡ እየወፈረ ሲሄድ መልሱ እየራቀ ይሄዳል። መነኩሴው የጠየቀው ጥያቄ ከባድ ነው፤ ገመዱን ግን አልመረመረም። ብዙ ቅን ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የሟቹን ነፍስ ይመረምራሉ፤ ሐዲዱን የሚመረምር አያገኙም።

ሐዲዱን መመርመር ደግሞ የሚቻል ነገር ነው። ባቡር ጠመዝማዛ ላይ ሲዞር ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ይህ ሕግ ጻድቁንና ኃጥኡን አይለይም፤ ፀሐይ በሁለቱም ላይ እንደምትወጣ፣ ዝናብም በሁለቱም ላይ እንደሚዘንብ ወንጌል ይናገራል። ፈጣሪ ለዓለም ሥርዓት ሰጥቷል ብሎ የሚያምን ሰው ይህን ሥርዓት እንደ ስጦታ ሊቆጥረው ይገባል። የታመነ ሕግ ባይኖር ድልድይም አይታሰብም ነበር። መሐንዲሱ ብረቱ ስንት ሚሊሜትር እንደሚረዝም አስቀድሞ የሚያሰላው ፍጥረት ትናንት እንደነበረው ነገም እንደሚሆን ስለሚተማመን ነው። ይህ መተማመን በራሱ ከእምነት ጎራ የሚመደብ ነው።

ክርስቶስ በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ ቆሞ ሳለ ፈታኙ ራስህን ወደ ታች ወርውር፣ መላእክት ይቀበሉሃል አለው። መልሱ ጌታን አትፈታተን የሚል ነበር። ጠመዝማዛ ላይ ፍጥነት ያልቀነሰ፣ የዛገ ድልድይ አይቶ «እስከ ዛሬ ያቆመው አምላክ ነገም ያቆመዋል» ብሎ ያለፈ ሰው ሃይማኖተኛ ሊመስል ይችላል። በወንጌሉ ሚዛን ግን ፈታኙ ያለውን እየደገመ ነው።

የኦሪት ሕግ ከዚህም በላይ ወርዶ ስለ ግንባታ ይናገራል። በዘዳግም መጽሐፍ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለሰገነቱ መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ መከታ ባይኖረውና ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ ነው። እዚህ ላይ የወደቀው ሰው ቀኑ ደርሶ ይሁን አይሁን አይጠየቅም። የሚጠየቀው መከታው ነው። ስለ መሥዋዕትና ስለ በዓል በሚናገር መጽሐፍ ውስጥ የአጥር ትእዛዝ መግባቱ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ መከታ መሥራት የአምልኮ ያህል ተቆጥሯል ማለት ነው። በዚሁ የባቡር መስመር ላይ የሠራው ሕዝብ ብዙው እስላም ነበርና ከእነርሱም ዘንድ የታወቀውን ማንሳት ተገቢ ነው። አንድ ሰው ነቢዩ ሙሐመድን ግመሌን ልሰራት ወይስ ለቅቄያት በአላህ ልመካ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ መጀመሪያ እሰራት ከዚያ ተመካ እንዳሉት በሐዲስ ይነገራል። ግመል ነጂው አፋርና ሶማሌ ይህን ያውቀዋል፤ ማሰሪያውን የሚያውቅ ሰው ብሎንንም ለማጥበቅ ሌላ ስብከት አያስፈልገውም።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ሊመለስለትም ይገባል። ይህ ሁሉ ፈጣሪን ከዕለት ተዕለት ሕይወት ማስወጣት አይሆንም ወይ? ድልድዩ የቆመው በሠራተኛ፣ የወደቀው በሠራተኛ ከሆነ ለእግዚአብሔር ምን ቀረለት? የዚህ ጥያቄ ጭንቀት እውነተኛ ነው። ሰው በየመንገዱ ራሱን የሚያማትበው፣ ሹፌሩ የመልአክ ሥዕል መስታወቱ ላይ የሚለጥፈው ከዚህ ጭንቀት ነው።

የቁልቢ ገብርኤል መንገደኞች እዚህ ላይ ይረዳሉ። ልዑል ራስ መኰንን ያሠሩት ይህ ቤተ ክርስቲያን በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ስለት ያለበትን ሁሉ ይጠራል፤ አሮጌው ባቡር በሕይወት ሳለ ከአዲስ አበባ የሚነሳው ምእመን አቃቂን ተሻግሮ፣ አዋሽን ተሻግሮ እስከ ድሬዳዋ ይሄድበት ነበር። ልጅ ወልዳ ልጇን ታቅፋ የምትሄድ ሴት፣ ከሞት አልጋ የተነሳ ሽማግሌ፣ ጃንጥላ የተሳለ ነጋዴ በዚያ ፉርጎ ውስጥ ነበሩ። ደርሰው ሲሳለሙ ምስጋናቸውን ለመልአኩ አቀረቡ፤ ልክ ነበሩ። ግን እነርሱ ሳይነሱ በፊት ሌሊት ፋኖስ ይዞ ድልድዩን በእግሩ የፈተሸ ሠራተኛ ካለ፣ የእርሱ እጅ ከመልአኩ ጥበቃ ውጭ ነው ወይ? ጸሎታቸው በምን በኩል ደረሰ? መልአክ ይጠብቃል ብሎ የሚያምን ሰው፣ መልአኩ ባለ መዶሻውን ሰው ሊያነቃ እንደሚችል ለማመን አይቸገርም። ለእግዚአብሔር የሚቀረው ነገር የሚጠፋው ጠባቂውን ሰው ስናመሰግን አይደለም። እግዚአብሔርን ከመቶ ዓመቱ መቆም አውጥተን ከአንዱ ቀን መውደቅ ጋር ብቻ ስናስረው ነው። ይህ ዓይነቱ ሃይማኖት ሁለት ሰው ይበድላል፤ ሠራተኛውን ምስጋናውን ይቀማዋል፣ ፈጣሪን ገዳይ ያደርገዋል።

ሰው አውቆ የሚያፈርሰው ድልድይም አለ፤ በዚያ ጊዜ ማንም ሰማይን አይጠይቅም። በፋሲል ዘመን ተሠራ የሚባለውና ሞጣ አካባቢ ዓባይን የሚሻገረው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳያልፍበት መካከሉ ተሰብሮ ሰባራ ድልድይ የሚል ስም ወጣለት። ለሰባት አሥርት ዓመታት ገደማ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ እየተጎተተ በክፍተቱ ላይ ይሻገር ነበር። ጣሊያኖችም በተራቸው በ1933 ዓ.ም. ሲሸሹ የአዋሽን የባቡር ድልድይ አፈረሱ። አቃቂ ላይ ያለው መስመር ደግሞ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ወደ ስደት አሳለፈ። ንጉሡ በዚያ መንገድ መሄዳቸው ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም፤ ለድልድዩ ግን ስደተኛውም ወራሪውም ክብደት ብቻ ነበር። ሰባሪውም ጠባቂውም በስም በሚታወቅበት ቦታ ሰው ፍርዱን ለሰው ይሰጣል። ዕጣ ፈንታ የሚጠራው ጠባቂው ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

ወደ አቃቂ የሚሄድ ጎብኚ ዛሬ የሚያገኘው ይህን የመጨረሻውን ሁኔታ ነው፤ ጠባቂው የማይታወቅ ድልድይ። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ባቡር አላለፈበትም። የጅቡቲው አዲስ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ከለቡ ተነስቶ በእንዶዴ በኩል በራሱ መንገድ ይሄዳል። አሮጌው ብረት ጭነት የለበትም፤ ስለዚህ መርማሪ የለውም። ሰው ግን አለበት። ተማሪ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከብት ነጂ ይሻገሩበታል፤ ከሥሩም አትክልት የሚያጠጣ ገበሬ ይውላል። ኦሪት ስለ ሰገነቱ መከታ ያዘዘችው ለባለቤቱ ነበር፤ ባለቤቱ ባቡሩ ቆሟል ብሎ ሲሄድ መከታው የማን ነው? የአካባቢው አስተዳደር፣ የቅርስ ኃላፊው፣ የባቡሩ ወራሽ ድርጅት፣ በየቀኑ የሚሻገረው ሰው ራሱ፤ ከእነዚህ አንዱ መልስ መስጠት አለበት። መልሱ ድልድዩን በሥርዓት መዝጋትም ሊሆን ይችላል፣ ጠግኖ የእግረኛ መተላለፊያና የታሪክ መጎብኛ ማድረግም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ይሻላል፤ በዚህ አካባቢ ልጆች ብረት ሸክም እንዴት እንደሚሸከም በዓይናቸው የሚማሩበት ሌላ እንዲህ ያለ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። የማይሻለው እንዲሁ መተው ነው፤ አንድ ክረምት ሲወስደው ደግሞ «ቀኑ ነበር» ማለት ነው።

የእነዚያ ሠራተኞች ስሞችም አሉ። በቤተ ክርስቲያን ሟች የሚታሰበው በክርስትና ስሙ ነው፤ በአርባው፣ በሰማንያው፣ በሙት ዓመቱ ስሙ ካልተጠራ ተዝካሩ ጎደሎ ነው። ስም የሌለውን ሰው ማሰብ ያስቸግራል። የባቡር ድርጅቱ ግን ደመወዝ የሚከፍል ድርጅት ነበርና ስም ይጽፍ ነበር፤ ማን በየትኛው ጣቢያ እንደተቀጠረ፣ ማን ሐዲድ ጠባቂ እንደነበረ፣ ማን ጡረታ እንደወጣ። ድሬዳዋ ላይ የቆየው ወረቀት የዚህ መስመር የብራና መጨረሻ ገጽ ነው። ጻፊው፣ አስጻፊው፣ አንባቢው እንደሚታሰቡት ሐዲድ ጠባቂውም ሊታሰብ የሚችለው በዚያ ወረቀት ነው። በአቃቂ፣ በሞጆ፣ በአዋሽና በድሬዳዋ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች አሁንም በሕይወት አሉ፤ አባቶቻቸውም በዚሁ ሐዲድ ላይ የሠሩ አሉ። የትኛው ድልድይ በየትኛው ክረምት እንዳስጨነቃቸው፣ ማን ሌሊት ተነስቶ እንደሄደ ያስታውሳሉ። አንድ የታሪክ ተማሪ መቅረጫ ይዞ ሊሰማቸው፣ አንድ ደብርና አንድ መስጊድ ስማቸውን ጠይቀው ሊጽፉ ይችላሉ፤ ሥራው ገንዘብ አይጠይቅም፣ ጊዜው ግን አጭር ነው፤ የብዙዎቹ ዕድሜ የገፋ ነውና።